ቢ ሴሎቿ ካለቁ እናቴ በምን ትከላከላለች?

ጥያቄ፦ ዶክተር ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ሩማቶይድ አርትራይተስ (የሰውነት መከላከያ የራስን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ) ካለባት ቆይቷል፣ ጠዋት ጠዋት ጣቷን ማጠፍ ያቅታታል። ሜቶትሬክሴትም ሌላ መርፌም ተሞክሮ አልሆነም፣ አሁን ሪቱክሲማብ የሚባል በደም ስር የሚገባ መድኃኒት ሊሰጧት ነው። ሐኪሟ «ቢ ሴሎችን ያጠፋል» ስላላት ያለ ነጭ የደም ሴል ሰው ይኖራል ወይ እያለች ትጨነቃለች፣ ምን ልበላት? ልጇ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ።

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽ ብትደነግጥ አይፈረድባትም፣ «ያጠፋል» ብሎ ዝም ማለት ማንንም ያስደነግጣል። ነጭ የደም ሴል ሁሉ አያልቅም በያት፣ ቢ ሴል ከነጭ የደም ሴሎች አንዱ ዓይነት ብቻ ነው። ሪቱክሲማብ ራሱ ላብራቶሪ ውስጥ የተሠራ አንቲቦዲ (ሰውነት ለመከላከያ የሚያመርተው ዓይነት ፕሮቲን) ነው፣ የሚይዘው ሲዲ20 የሚባል ምልክት ያለባቸውን ሴሎች ነው፣ እነሱም ባብዛኛው ቢ ሴሎች ናቸው። እሱ ሲለጠፍባቸው የራሷ ኤንኬ ሴሎችና ማክሮፌጆች የሚባሉት ሌሎች የመከላከያ ሴሎች መጥተው ይጨርሷቸዋል።

አንቲቦዲ የሚያመርቱት ፕላዝማ ሴሎች ግን ሲዲ20 የላቸውም፣ መቅኒዋ ውስጥ ሆነው ሥራቸውን ይቀጥላሉ፣ ስለዚህ ከድሮ ክትባትና ከድሮ በሽታ ያገኘችው መከላከያ በአንዴ አይጠፋም። ገና ያልበሰሉት ሴሎችም አይነኩም፣ ባብዛኛው ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ከነሱ አዲስ ቢ ሴል ይፈጠራል።

ታዲያ አንቲቦዲው ካልቆመ በሽታው እንዴት ይበርዳል ትይኝ ይሆናል፣ ቢ ሴሎች እኮ ቲ ሴሎች የሚባሉትን ሌሎች ነጭ የደም ሴሎች እየቀሰቀሱ መገጣጠሚያው ላይ እሳቱን የሚያራግቡ ናቸው፣ እነሱ ሲወጡ ቲ ሴሎቹም እየተረጋጉ ይሄዳሉ። ይሄ ግን ሳምንታት ይፈጃል፣ አንዳንዴ 16 ሳምንት፣ በመጀመሪያው ወር «አልሠራልኝም» ብላ ተስፋ እንዳትቆርጥ አደራ።

የተለመደው 1000 ሚሊግራም ሰጥቶ ከ2 ሳምንት በኋላ መድገም ነው። የመጀመሪያው ቀን ሴሎቹ ሲፈነዱ በሚለቁት ነገር ብርድ ብርድ ሊላት፣ ሊያሳክካት ይችላል፣ ለዚህ ነው ቀድመው ስቴሮይድና ፓራሲታሞል የሚሰጧት። ደረቷን ካፈናት ግን ወዲያው ለነርሷ ትናገር።

አጥብቄ የምለምንሽ ጉበትን የሚያጠቃውን የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ምርመራ ነው። አገራችን ውስጥ ብዙ ሰው ሳያውቀው ይዞት ይኖራል፣ ይሄ መድኃኒት ደግሞ የተኛውን ቫይረስ ቀስቅሶ ጉበትን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል፣ ድሮ ይዞት የዳነ ሰው ላይ እንኳን ይሆናል። ስለዚህ የአሁኑን ብቻ ሳይሆን የድሮውንም የሚያሳየውን ምርመራ ጠይቂላት። የቀራት ክትባት ካለም ቢያንስ 4 ሳምንት ቀድማ ትውሰድ፣ ከመድኃኒቱ በኋላ ለወራት ክትባቱን የሚማር ቢ ሴል አይኖራትም። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራው ውጤት ሳይመጣ ጠብታውን እንዳታስጀምሩ።