ከዱባይ ኮራል ይዞ ለሚመጣ፦ ጣጣው ከኮራሉ ሥር ያለው ድንጋይ ነው

ወንድሜ፣ «ወር ሳይሞላ ከዱባይ ጠቅልዬ እመለሳለሁ፤ ሜክሲኮ አካባቢ ቤቴ ላለው 120 ሊትር የባሕር ውሃ አኳሪየም አምስት ስድስት ኮራል ይዤ መምጣት እፈልጋለሁ፤ ፈቃድ ይጠይቃል ወይስ ሻንጣ ውስጥ ከትቼው ልምጣ?» ብለህ ጠይቀሃል። አኳሪየሙ ካለህ ስለ ጨውና ስለ መብራት አላስተምርህም። ሻንጣውን ግን እርሳው። በእጅ ይዘህ እንዳትገባ የ100 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ገደብ አለ። በሚጫን ሻንጣ ደብቀህ ከላክኸው ደግሞ በሕይወት ያለ እንስሳ ሳታስታውቅ ጫንክ ማለት ነው። የሚያዋጣው በካርጎ፣ በቀጥታ በረራ፣ ቦታ አስቀድሞ አስይዞ ነው።

1. ከመግዛትህ በፊት የትኛው ወረቀት እንደሚጠይቅ ለይ። ድንጋይ የሚሠሩ ኮራሎች በሙሉ፣ አክሮፖራም ሞንቲፖራም ዩፊሊያም፣ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት አባሪ 2 (ንግዱ በፈቃድ ብቻ የሚካሄድ የእንስሳትና የዕፅዋት ዝርዝር) ውስጥ ናቸው። ኢትዮጵያ ደግሞ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል ናት። «ለግል መገልገያዬ ነው» የሚለው ምክንያት በሕይወት ላለ ነገር አይሠራም፤ አንድ ፍሬም ቢሆን ፈቃድ ይፈልጋል። ዞአንተስ፣ መሽሩም፣ ሌዘር የሚባሉት ለስላሶቹ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ከድንጋይ ሠሪዎቹ ወገን ሳይሆኑ የተመዘገቡም አሉ፦ ሰማያዊው ኮራል፣ ቀዩ ቱቢፖራ እና የእሳት ኮራል። ቱቢፖራን በተለይ ተጠንቀቅ፤ ፖሊፑን (አበባ የሚመስለውን ለስላሳ አካሉን) ሲዘረጋ ሲያዩት ለስላሳ ነው ብሎ የማይሳሳት ጥቂት ነው።

2. ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ጋ ነው። «ለስላሳ ነው የገዛሁት፣ ፈቃድ አያስፈልገውም» ብሎ ይመጣል። ኮራሉስ እውነትም አያስፈልገውም፤ የተጣበቀበት ድንጋይ ግን ራሱ የሞተ ኮራል ነው። ስምምነቱ ያልተዘረዘረ እንስሳ የተጣበቀበትን የኮራል ድንጋይ እንደ ድንጋይ ሠሪ ኮራል ቆጥሮ ይቆጣጠረዋል፤ ላይቭ ሮክም (ጥቃቅን ሕይወት የሰፈረበት የባሕር ድንጋይ) እንዲሁ። አሸዋና ከ3 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ስብርባሪ ነፃ ነው፤ ጡጫ የምታህል ድንጋይ ግን አትሆንም። ስለዚህ ባለሱቁን ስለ ቀለሙ ከመጠየቅህ በፊት ከሥሩ ምን እንዳለ አገላብጠህ እይ። በሴራሚክ ወይም በሲሚንቶ ፕላግ (ትንሽ መትከያ) ላይ ያደገ ፍራግ (ከትልቅ ኮራል የተቆረጠ ቁራጭ) ብቻ ውሰድ። በድንጋይ ላይ ያለውን ከወደድከው እዚያው ቆርጦ ፕላግ ላይ ያጣብቅልህ፤ እስኪይዝ አንድ ሁለት ሳምንት ስጠው። ወር ካለህ ይበቃሃል።

ሌላው የባለሱቆች ወሬ «ይሄ የተራባ ነው፣ ከባሕር የወጣ አይደለም፣ ወረቀት አይጠየቅም» የሚለው ነው። መራባቱ የወረቀቱን ዓይነት ወይም የሚጻፍበትን የምንጭ ኮድ ይቀይር ይሆናል እንጂ ወረቀት አያስቀርም። ድንጋይ ሠሪ ከሆነ፣ መጀመሪያ ከኢንዶኔዥያ ወይም ከሌላ አገር ወደ ኤምሬትስ ገብቶ ከሆነ፣ የሚሰጥህ ዳግም የመላኪያ ሰርተፊኬት ነው። ለዚያም ሱቁ ያስገባበትን ፈቃድ ቁጥር ማሳየት አለበት። ማሳየት ካልቻለ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ተወው። ማመልከቻው የሚቀርበው ለኤምሬትስ የአየር ንብረት ለውጥና አካባቢ ሚኒስቴር ነው። ስሙ «ቶርች» ተብሎ አይጻፍም፤ ዩፊሊያ ግላብሬሴንስ ብሎ ሳይንሳዊ ስሙን፣ ከነፍሬ ብዛቱ። ፈቃዱ የሚያገለግለው እስከ 6 ወር፣ ለአንድ ጭነት ብቻ ነው። ዋናው ቅጂ ከሳጥኑ ጋር ይሂድ፤ ፎቶ ኮፒ ዋጋ የለውም። ባለሱቁ «ምርቃት» ብሎ ሰባተኛ ፍሬ ቢጨምርልህ መልስለት፤ ስድስት የሚል ፈቃድ ይዘህ ሰባት ከተቆጠረብህ ሳጥኑ እንዳለ ሊያዝ ይችላል።

እዚህ በኩል ደግሞ ሳትበር በፊት ዘመድ ልከህ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን አስጠይቅ፤ የሳይተስ ጉዳይ የእነሱ ነው። የእንስሳት ጤና ማስገቢያ ፈቃድ የሚጠየቀው በግብርና በኩል ነው። መስኮት ላይ «ድንጋይ ነው? ተክል ነው?» የሚልህ አይጠፋም። መልሱ አንድ ነው፦ እንስሳ። ለማቅለል ብለህ «የባሕር ተክል» ካልክ ወደ ተክል ኳራንቲን ይልኩሃል፣ «ድንጋይ» ካልክ ደግሞ ሌላ ደጅ ትጠናለህ፤ ኮራሉ እስከዚያ በፌስታሉ ውስጥ ይበሰብሳል።

3. አስተሳሰር። በረራው 4 ሰዓት ገደማ ነው ብለህ ለ4 ሰዓት አትሰር፤ ካርጎ ማስረከቡና ጉምሩኩ ሲጨመር ለ24 ሰዓት እሰር። ከአንድ ቀን በፊት ምግብ አቁም። ለእያንዳንዱ ፍሬ የየራሱ ድርብ ፌስታል፤ ሌዘር የሚያወጣው ዝልግልግ ጎረቤቱን ይገድላል። ውሃው ኮራሉን ከሸፈነ ይበቃል፣ የቀረው ኦክስጅን ይሁን። ዩፊሊያን የመሳሰለ ሥጋው ወፍራም የሆነ ፍራግ ፕላጉ ከፎም ቁራጭ ጋር ታስሮ ተዘቅዝቆ ይንሳፈፍ፤ አለበለዚያ በመንገጫገጩ የገዛ አጥንቱ ሥጋውን ይቆርጠዋል።

የውጭ አገር ሰው የማይነግርህ ነገር፦ ፌስታሉን እንደ ኳስ አትወጥረው። ዱባይ ባሕር ጠለል ላይ ናት፣ ቦሌ ግን 2,334 ሜትር። እዚያ የታሰረ 1 ሊትር አየር እዚህ 1.3 ሊትር ያህል ይሆናል። ሌላ አገር አውሮፕላኑ ሲያርፍ ፌስታሉ መልሶ ይሟሽሻል፤ ቦሌ ካረፈ በኋላም እንደተነፋ ይቆያል። ስለዚህ ሲታሰር በጣት ተጫን ብትለው የሚገባ፣ ለስለስ ያለ ይሁን። ሳጥኑ ወፍራም ፎም ይሁን። የማሞቂያ ከረጢት ከጨመርክ በጋዜጣ ጠቅልለህ ክዳኑ ላይ ለጥፈው፣ ፌስታሉን እንዳይነካ። ኅዳርና ታኅሣሥ ንጋት ላይ የምታርፍ ከሆነ ማሞቂያው ግድ ነው፤ ውሃው ከ20 ዲግሪ ከወረደ አክሮፖራውን አታገኘውም።

ቤት ስትደርስ ፌስታሉን ሳትፈታ ለ20 ደቂቃ አኳሪየሙ ላይ አንሳፍፈው። ከዚያ ቶሎ አውጣው። ውሃ በጠብታ እየጨመሩ ሰዓት መፍጀት ከሩቅ ለመጣ ኮራል ጉዳት ነው። በታሰረ ፌስታል ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተጠራቅሞ ፒኤች (የውሃው የአሲድነት መለኪያ) ስለሚወርድ አሞኒያው ብዙም አይጎዳም፤ ሲከፈት ፒኤቹ ይወጣል፣ አሞኒያውም መርዝ ይሆናል። የፌስታሉን ውሃ አኳሪየም ውስጥ አትገልብጥ። ዞአንተስ መርዝ ሊኖረው ስለሚችል ስትነካው ጓንትና መነጽር አድርግ፤ ያለበትን ድንጋይ ወይም ፕላግ በፈላ ውሃ ማጠብ ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም፣ እንፋሎቱ መርዙን ሳንባህ ድረስ ሊያደርሰው ይችላል።

በዚህ ከፍታ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ዳር በሩብ ገደማ ያንሳል። መብራት ሲጠፋም ኮራሉ ቀድሞ የሚታፈነው በዚህ ነው፣ ስለዚህ የባትሪ የአየር ፓምፕ ከዱባይ አብረህ ግዛ። ፍራጎቹን በአዮዲን መድኃኒት ከነከርክ በኋላ ከቻልክ ፕላጉን ቆርጠህ ጣለው፤ መድኃኒቱ ኮራል የሚበላውን ትል ቢገድልም እንቁላሉን ግን አይነካውም፣ እንቁላሉም ብዙ ጊዜ የሚጣበቀው ከኮራሉ ሥርና ፕላጉ ጥግ ላይ ነው።