አጎትሽ «የፈረንጅ ቅንጦት» ስላሉት ጥናት

ሰላም ላንቺ፣

አባትሽ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ሐሳባቸውን መሰብሰብ አቅቷቸዋል። አንቺ ደግሞ አምስት ኪሎ የባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ተመራቂ ነሽ፤ የመመረቂያ ሥራሽንም የአንጎል ሞገድ እያነበበ ትኩረትን በሚያለማምድ ኮምፒውተር ላይ ልታደርጊው አስበሻል። አጎትሽ «የፈረንጅ ቅንጦት ነው፤ ባንክ ገብተሽ አይቲ ሥሪ» ይላሉ። መሣሪያው በሌለበት አገር ልጀምር ወይስ ስኮላርሺፕ እስካገኝ ልቆይ ነው ጥያቄሽ።

አትቆዪ። ስኮላርሺፕ ጠባቂ ኮድ ሲያጠራቅም ይከርማል። በዚህ ሙያ የሚጠፋው ግን ከታማሚ ራስ ላይ ንጹሕ ምልክት ማውጣት የሚችል እጅ ነው። ለሚጥል በሽታ ምርመራ የሚያገለግል ኢኢጂ (የአንጎል ሞገድ መቅጃ) በከተማችን አለ፤ ጥቁር አንበሳም የዩኒቨርሲቲሽ ሆስፒታል ነው። ከትምህርት ክፍልሽ ደብዳቤ አጽፊና ባለሙያው ኤሌክትሮድ (ራስ ላይ ሆኖ ምልክቱን የሚቀበለውን ትንሽ ብረት) ሲለጥፍ አጠገቡ ቁሚ።

መጽሐፉ የማያነሳው ነገር የሚገጥምሽ እዚያ ነው። ቅቤ ወይም ቅባት የነካው ፀጉር ኤሌክትሮድ አያስይዝም፤ ከዋዜማው ታጥቦ ሳይቀባ ይምጣ። ወፍራም ጉንጉን ኤሌክትሮዱን ከራስ ቆዳ ያርቀዋል፤ ሹሩባው ኤሌክትሮዶቹ በሚያርፉበት መስመር ክፍተት ትቶ ከተሠራ ግን ሥራሽን ያቀልልሻል። ኢምፒዳንሱን (በቆዳውና በኤሌክትሮዱ መካከል ያለውን የኤሌክትሪክ እንቅፋት) ከ5 ኪሎ ኦም በታች አውርጂ (የአምስት ኪሎ ልጅ ይህን ቁጥር አትረሳም)። የምትለኪው የቮልት ሚሊዮንኛ ስለሆነ የግድግዳው 50 ኸርዝ መብራት ይውጠዋል፤ ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ነቅለሽ በባትሪ ሥሪ።

ለርዕስ ፒ300 የተባለውን የትኩረት ሞገድ ምረጪ። ታማሚው ኮምፒውተሩ ላይ እየተፈራረቁ ብልጭ ከሚሉ ፊደሎች አንዱ ላይ አተኩሮ ብልጭ ባለ ቁጥር ይቆጥራል፤ ከብልጭታው 300 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ ከአናቱ ወደ ኋላ ባለው ክፍል ሞገድ ይነሣል። ተመራማሪዎቹ ፋርዌልና ዶንቺን በ1988 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የፊደል ሠሌዳ 6 በ6፣ ማለትም 36 ሣጥን ነው። የእኛ 33 ፊደል ከነሰባት ቤቱ 231 ስለሚሆን አይገባበትም። በሁለት እርምጃ ይፈታል፤ መጀመሪያ ከ33ቱ ግዕዞች አንዱ፣ ቀጥሎ ከ7ቱ ቤቶች አንዱ። የተረፉት 3 ሣጥኖች ለክፍት ቦታ፣ ለማጥፊያና ለማቆሚያ ይሆናሉ። እኔን ብትጠይቂኝ ይህ ብቻውን የመመረቂያ ሥራ ይወጣዋል።

ትልቁ ወጥመድ ግራው ጎን ነው። የአንጎላቸው ቀኝ ክፍል የተጎዳ ሰዎች ዓይናቸው ደህና ሆኖም በግራ ያለውን ልብ ላይሉት ይችላሉ። የሠሌዳው ግራ ዓምዶች ሲከሽፉ አንቺ ሶፍትዌሩን ስትፈትሺ ትከርሚያለሽ። አስቀድመሽ ወረቀት ላይ መስመር አስምሪና መሐሉን ምልክት እንዲያደርጉ ጠይቂያቸው። ምልክቱ በጉልህ ወደ ቀኝ ካጋደለ ሠሌዳውን ወደ ቀኝ አምጪ፣ ወይም ብልጭታውን በድምፅ ቀይሪ። ጀርመን ፍራይቡርግ ውስጥ ንግግር በተቸገሩ 10 የስትሮክ ታማሚዎች ላይ የተሞከረውና በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመው የ30 ሰዓት ሥልጠና የተሠራው በሚሰሙ ቃላት ነው። ዙሮቹን አሳጥሪ፤ የደከመ ታማሚ ሞገዱ ይጠፋል።

ለአባትሽ ፈውስ ብለሽ ግን አትጀምሪ። አሜሪካ በ2021 እ.ኤ.አ. ለስትሮክ የፈቀደችው ኢፕሲሃንድ የተባለ የአንጎል ሞገድ አንባቢ መሣሪያም እጅን ለማንቀሳቀስ ነው። ለትኩረትና ለማስታወስ ያለው ማስረጃ ገና ስስ ነው።

አጎትሽን በተመለከተ፣ የቤታችሁን ወጪ የሚሸፍኑት እሳቸው ከሆኑ ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። ካልሆኑ ምክራቸው ምክር ነው፣ ትእዛዝ አይደለም። ባንክ ከሆስፒታል የተሻለ ይከፍላል፤ ይህን አልሸሽግሽም። የአባትሽ መድኃኒት የሚገዛው በአንቺ ደመወዝ ከሆነ ባንክ ግቢ፣ አትፈሪ። ካልሆነ ግን ከምረቃ በኋላ ሁለት ዓመት የሆስፒታል ባዮሜዲካል ኢንጂነር ሆነሽ ሥሪ። ከዚያ የምታመለክቺው ማስተርስ ሌላ ክብደት ይኖረዋል።

ስለ ውጤትሽ አትጨነቂ፣ 3.1 ይበቃል። የሥነ ምግባር ኮሚቴውን ማመልከቻ ግን አሁኑኑ አስገቢ፤ ሐሳቡን መግለጽ ለሚያቅተው ታማሚ የቤተሰብ ፈቃድ ቅጽም አያይዢበት። መልሱ እስኪመጣ ፊዚዮኔት በተባለው የሕክምና መረጃ ድረ ገጽ ላይ በነፃ የተቀመጠውን የ109 ሰዎች ባለ 64 ቻናል ኢኢጂ በፓይተን አጣሪ። ፒ300 አይደለም፣ ለእጅ ማፍታቻ ግን ይሆናል። የአንድ ሰው ቅጂ ሞገዱን ለሚለየው ፕሮግራምሽ ማሠልጠኛም መፈተኛም ሆኖ እንዳይገባ ብቻ ተጠንቀቂ፤ ውጤትሽ በሐሰት ያምርና ፈታኞችሽ ፊት ያጋልጥሻል።