ከመጨፈርሽ በፊት ቶሉይኑን ፈልጊው

እህቴ፣ ጥያቄሽ ወደ ድሮው የአራት ኪሎ ላብራቶሪዬ መለሰኝ። ከፍልውሃ ባመጣሽው ናሙና ላይ 10 በመቶ ቶሉይን (ቲነር ውስጥ ያለውን ማሟሚያ ፈሳሽ) ጨምረሽ፣ 60 ዲግሪ ላይ ስታቆዪው በሁለተኛው ቀን ደፈረሰ። «ሙቀትም መርዝም የሚችል ባክቴሪያ አገኘሁ ማለት ነው?» ነው ያልሽው። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን በዚሁ ጉድ ሆኛለሁ።

አፉን በጥጥ የደፈንኩት የመስታወት ቱቦ ነበር። ደፍርሶ ሳየው ጮቤ ረገጥኩ፤ ፒያሳ ወርጄ ጓደኞቼን ማኪያቶ ጋበዝኩ። በማግስቱ አማካሪዬ ቱቦውን ወደ መስኮቱ አንስተው አዩና «ቶሉይኑ የታለ?» አሉኝ። ቶሉይን ከውሃ ስለሚቀል ከላይ እንደ ዘይት መንሳፈፍ ነበረበት። የለም! የሚፈላው 110 ዲግሪ ግድም ስለሆነ 60 ላይ የትም አይሄድም ብዬ ነበር። የታጠበ ልብስ እስኪደርቅ ይፈላል እንዴ? በጥጡ በኩል ተንኖ አልቋል። ባክቴሪያዎቼ መርዙ እስኪያልፍ ጠብቀው ነው የተባዙት። አንዳንዶቹ ስፖር (በጠንካራ ሽፋን የተጠቀለለ የተኛ ሴል) ሆነው ክፉ ቀን ማሳለፍ ይችሉበታል።

ስለዚህ ከውስጥ ቴፍሎን ያለው ክዳን ያላቸውን የመስታወት ጠርሙሶች ፈልጊ። የጎማ ክዳን ያብጣል፤ ፕላስቲክ ፔትሪ ዲሽ ደግሞ ይሟሟል። ጠርሙሱን አንድ አምስተኛ ብቻ ሙዪው፤ ባክቴሪያው ኦክስጅን ይፈልጋል። የቶሉይኑን ከፍታ በማርከር አስምሪና መጨረሻ ላይ መኖሩን እዪ። ሲጀመርም ሲያልቅም ሴሎቹን ቁጠሪ፤ ቁጥሩ ካልጨመረ ተረፈ እንጂ አደገ አይባልም። ቶሉይን የሌለበት ማነጻጸሪያ (ኮንትሮል) አይቅር። ደግሞ እባክሽ፣ ቲነር ማሽተት ለምደናል ብለሽ እንዳትዘናጊ። የቶሉይን ትነት በትንሽ ብልጭታ ይነዳል፤ ተራ ኢንኩቤተር (ማሞቂያ ሳጥን) ውስጥ አታስገቢው።

እኔ በትክክል ስደግመው በቶሉይኑ ውስጥ አንድም አላደገም። ዴኬን በሚባል ሌላ ማሟሚያ ውስጥ ያለው ግን አደገ። ኬሚስቶች አንድ ማሟሚያ ከውሃ ይልቅ ቅባት ምን ያህል እንደሚወድ የሚለኩበት ሎግ ፒ የሚባል ቁጥር አላቸው። ክፉዎቹ በ1.5 እና በ4 መካከል ያሉት ናቸው፤ የሴሉ ሽፋን ውስጥ ገብተው ያላሉታል። ቶሉይን 2.5 ገደማ ነው፣ ዴኬን ከ5 ይበልጣል። በዴኬን አደገ ብሎ መፎከር ብዙም አያስኬድም።

እ.ኤ.አ. በ1989 ኢኖዌና ሆሪኮሺ የተባሉ ጃፓናውያን 50 በመቶ ቶሉይን ባለበት የሚያድግ ፕሱዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ አግኝተዋል። የዚህ ዘር ባክቴሪያዎች ጎርፍ እንደገባበት ቤት ሰው፣ የገባውን መርዝ በፓምፕ መልሰው ያወጣሉ። ጃፓናውያኑ ያገኙት ግን ሙቀት ወዳድ አይደለም። ሙቀት ሲጨመርበት ሽፋኑ ይበልጥ ስለሚላላ የአንቺው እውነት ከሆነ ቀላል ነገር አይደለም።

ክዳኑ ከጠፋ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። የእኔ አራት ጠርሙሶች አሁንም ካርቶን ውስጥ አሉ።