እየፈረምሁ ንስሐ ልግባ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? በመንግሥት መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ ነኝ። አለቃዬ ያልተሠራው ሥራ ተሠርቷል በሚል ሪፖርት ላይ እንድፈርም ያዘኛል። «ሥልጣን ከእግዚአብሔር ነውና ታዘዝ፤ የሶርያው የጦር አለቃ ንዕማንም በጣዖቱ በሬሞን ቤት ሰግዷል» የሚሉኝ አሉ። ሥራውን ልልቀቅ ወይስ እየፈረምሁ ንስሐ ልግባ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ንስሐ ኃጢአትን መተው ነው። ነገም እፈርማለሁ እያሉ ዛሬ መናዘዝ ንስሐ አይባልም።

ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ 13፥7 ለሹማምንት የሚገባውን ሲዘረዝር ግብርን፣ ቀረጥን፣ መፈራትንና ክብርን ጠርቷል። ሐሰት እዚያ ውስጥ የለም። ጌታችንም ለቄሣር ግብር ስለ መስጠት ጠይቀውት ዲናሩን ሲያመጡለት በመጀመሪያ የጠየቀው መልኩ የማን እንደሆነ ነው። የቄሣር መልክ ያለበት ለቄሣር ይሰጣል፤ በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠርህ አንተ ግን የቄሣር ገንዘብ አይደለህም።

ንዕማንን የሚጠቅሱልህ አንድ ቁጥር ወደ ኋላ ቢመለሱ መልካም ነበር። ለሌሎች አማልክት እንደማይሠዋ አስቀድሞ ተናግሯል (2ኛ ነገ. 5፥17)። ጌታው ንጉሡ እጁን ተደግፎ በሬሞን ቤት ሲሰግድ አብሮ ስለ መስገዱም ይቅርታ ለመነ እንጂ መብት አልጠየቀም።

ያንተ ፈተና የሚመስለው የጲላጦስን ነው። ስለ ጌታችን «በደል አላገኘሁበትም» ብሎ 3 ጊዜ መሰከረ፤ እውነቱን ያውቅ ነበር። «ይህን ብትፈታው የቄሣር ወዳጅ አይደለህም» ሲሉት ግን ወንበሩን እንዳያጣ ፈርቶ አሳልፎ ሰጠው (ዮሐ. 19፥12-16)። ወንድሜ፣ ይህ በጣም ያስፈራኛል፤ ሰው እውነትን እያወቀ በእጁ ሊክዳት ይችላልና።

ሥራህን ግን በቁጣ አትልቀቅ። አብድዩ በክፉው ንጉሥ በአክዓብ ቤት ሹም ሆኖ 100 ነቢያትን ሃምሳ ሃምሳ አድርጎ በዋሻ ሸሽጓል። ዳንኤልም የንጉሡን መብል እንቢ ሲል ሹሙን አልተሳደበም፤ «10 ቀን ፈትነን» ብሎ ሌላ መንገድ አቀረበለት። አንተም የተሠራውን በልኩ፣ ያልተሠራውን ከነምክንያቱ ጽፈህ አቅርብ፤ በቃል ብቻ ከሆነ ነገ እንዳልተባለ ይሆናል። ጉዳዩ በስብሰባ ከተወሰነ ልዩነትህ በቃለ ጉባኤ ይስፈር። የራስህን ሥራም ንጹሕ አድርግ፤ በዳንኤል ላይ ጠላቶቹ በመንግሥት ሥራ ስሕተት ፈልገው አጡ። አንተ ግን አርፋጅ ከሆንህ በማርፈድህ ይከሱህና ምስክርነትህ ይጠፋል።

ለአለቃህ መልስ ከመስጠትህ በፊት ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፤ ብዙዎች የሚሄዱት ከፈረሙ በኋላ ነው። ከባለቤትህም ጋር ደመወዙ ቢቀር ቤቱ ስንት ወር እንደሚቆይ ተነጋገሩ። እጅን የሚያስፈርመው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ያልተነገረ ፍርሃት ነው። ይህን ሁሉ አድርገህ «ወይ ፈርም ወይ ልቀቅ» ካሉህ ልቀቅ፤ ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር መታዘዝ ይገባልና (ሐዋ. 5፥29)።

ቀድሞ የፈረምኸው ካለ በዚያ ፊርማ ያለ አግባብ የተከፈለ ገንዘብ ወይም የተቀጣ ሰው መኖሩን አጣራ። ቀራጩ ዘኬዎስ የበደለውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል። ለንስሐ አባትህ ስትናዘዝ ይህን ዘርዝረህ ንገራቸው፤ ቀኖናውን ከመቀበል ጋር እርማቱን ለመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ አቅርብ።