ሰው ትቶት በሄደ ጥያቄ ላይ ስለ መቆየት፦ ከአንድ የበቆሎ ተመራማሪ ለወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በበቆሎ ፍሬ ውስጥ ያለው ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራና ከወላጅ ወደ ልጅ እንዴት እንደሚወረስ በማጥናት ነው። በዕፅዋት ሳይንስ ለመሰማራት የሚያስቡ ወጣቶች ሲያገኙኝ፣ አብዛኞቹ የሚጠይቁኝ በአሁኑ ጊዜ የትኛው ዘርፍ እንደሚያዋጣ ነው። ኑሮ ያሳስባልና አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ልነግራችሁ የምፈልገው ስለ ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ትቶት በሄደ ችግር ላይ መቆየት መቼ ተገቢ እንደሚሆን።

ከበቆሎ ፍሬ ክብደት ውስጥ ፕሮቲኑ ከ8 እስከ 10 ከመቶ ገደማ ነው። ከዚህ ግማሽ ያህሉ ወይም የሚበዛው ዜይን የሚባል፣ በውሃ የማይሟሟ በአልኮል ግን የሚሟሟ የፕሮቲን ቤተሰብ ነው። ተክሉ ዜይንን የሚያከማቸው ለሚበቅለው ቡቃያ የናይትሮጅን ስንቅ እንዲሆነው ነው እንጂ ለእኛ አስቦ አይደለም። ስለዚህ ሰውነታችን ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸው ላይሲንና ትሪፕቶፋን የተባሉት አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ክፍሎች) በውስጡ የሉም ማለት ይቻላል። ኦስቦርንና ሜንደል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1914 ባወጡት ጥናት፣ ዜይንን ብቸኛ የፕሮቲን ምንጭ አድርገው የመገቧቸው አይጦች ማደግ ተሳናቸው፤ ሁለቱ አሚኖ አሲዶች ሲጨመሩላቸው እድገታቸው ቀጠለ። በቆሎን ዋና ምግቡ አድርጎ የሚያሳድግ ቤተሰብ ያለበት ችግር ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ግልጽ ነበር።

ታዲያ ለምን ፕሮቲን የበዛበትን በቆሎ እየመረጥን አንዘራም? ይህ ተሞክሯል። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1896 የተጀመረው የምርጫ ሙከራ ከመቶ ትውልድ በላይ ዘልቋል። ከ11 ከመቶ ገደማ ተነሥቶ የፍሬውን ፕሮቲን በአንዱ ወገን ወደ 30 ከመቶ አካባቢ አድርሶታል። የጨመረው ግን በአብዛኛው ያው ዜይን ነው። መጠኑ አደገ፣ ጥራቱ ባለበት ቀረ። ወጣት ተመራማሪ ይህን ታሪክ ገና ከጅምሩ ቢያውቀው እመኛለሁ፤ የምንለካውና የምንፈልገው ነገር አንድ መሆናቸውን ሳያጣሩ ዓመታትን መድከም በጣም ቀላል ነውና።

መፍትሔው የመጣው ማንም ካልጠበቀው አቅጣጫ ነው። ብርሃን የማያሳልፍ፣ ጠመኔ የሚመስል ፍሬ ያለው፣ ኦፔክ-2 የተባለ የተለወጠ የበቆሎ ዓይነት ነበር። ለአሥርት ዓመታት በተመራማሪዎች የዘር ክምችት ውስጥ ተቀምጦ ከመልኩ በቀር የሚፈለግበት ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1964 በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ኤድዊን መርትስ፣ ሊን ቤትስና ኦሊቨር ኔልሰን የላይሲኑ መጠን ከተለመደው በቆሎ እጅግ ከፍ ያለ፣ ወደ እጥፍ የሚጠጋ መሆኑን አሳዩ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ ምክንያቱ ነው። ኦፔክ-2 የሚባለው ጂን፣ ማለትም የውርስ መመሪያው፣ ሲበላሽ ዜይን ይቀንሳል፤ ፍሬው በቦታው ላይሲን ያላቸውን ሌሎች ፕሮቲኖች ያበዛል። ጥቅሙ የተገኘው ከመጉደል ነው።

ደስታው ታላቅ ነበር፤ ተስፋ መቁረጡም ፈጥኖ መጣ። ፍሬው ለስላሳ ሆነ፤ ክብደቱ ቀነሰ፤ ቶሎ አይደርቅም፤ በማሳ ላይ ሻጋታ፣ በጎተራ ውስጥ ነቀዝ ያጠቃዋል። ገበሬው አልወደደውም፤ ትክክልም ነበር። ገንዘቡና ተመራማሪው ወደ ሌላ ሥራ ሄዱ።

ሜክሲኮ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል ግን ሁለት ሰዎች ቀሩ። አንዷ ሜክሲኳዊቷ የእህል ኬሚስት ኢቫንጀሊና ቪዬጋስ፣ ሌላው ሕንዳዊው የዝርያ አሻሻይ ሱሪንደር ቫሳል ናቸው። ቫሳል ኦፔክ-2ን እንደያዙ ጠንከር ያሉትን ፍሬዎች ይመርጣል፤ ቪዬጋስ የላይሲኑና የትሪፕቶፋኑ መጠን አለመውረዱን በላቦራቶሪ ትለካለች። በዓመት እስከ 25,000 የሚደርስ ናሙና ይመረምሩ ነበር። በመጨረሻ ፍሬው ጠንካራ፣ ምርቱ ከሌሎቹ የማያንስ፣ ፕሮቲኑም የተሻለ በቆሎ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ሁለቱም የዓለም የምግብ ሽልማትን ተጋሩ። ቪዬጋስ ያንን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት።

እነሱ የቆዩት በግትርነት ነው ብዬ አላምንም። ግትርነት ብቻውን ብዙ ጎበዝ ሰው ሲያባክን አይቻለሁ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ የኦፔክ-2 ዋና ግኝት በየላቦራቶሪው ሲደገም ጸንቶ ቆሟል፤ ችግር የሆኑት አብረውት የመጡት ጉድለቶች ናቸው። ከዚህም በላይ፣ ከለስላሳዎቹ መካከል አልፎ አልፎ ጠንካራ ፍሬ ብቅ ይል ነበር፤ ስለዚህ ጉድለቱ ሊለይ እንደሚችል ተክሉ ራሱ ምልክት ሰጥቷል። ዋናው ውጤት ሲደገም የሚጠፋባችሁ ከሆነ ያለ ጸጸት ተዉት። ዋናው ጸንቶ ዙሪያው ካስቸገራችሁ ግን፣ ሌላው ሰው ሁሉ ቢሄድም እናንተ ቆዩ።

ቆይታ ሌላም ፍሬ አላት። ባርባራ ማክሊንቶክ በበቆሎ ውስጥ ከቦታ ቦታ የሚዘሉ የዘረመል ክፍሎች መኖራቸውን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ስታሳይ የተቀበላት ጥቂት ሰው ነበር፤ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ከዚያ ከአራት ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች የኦፔክ-2ን ጂን ነጥለው ያወጡት እነዚያኑ ዘላይ ክፍሎች እንደ ምልክት ተጠቅመው ነው። ጂኑም የዜይን ጂኖችን የሚያስነሣ ተቆጣጣሪ ፕሮቲን የሚሠራ መሆኑ ታወቀ። የጠንካራው ፍሬ ምሥጢር ደግሞ በከፊል የተፈታው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ከዜይን ቤተሰብ አንዱ የሆነውን ጋማ ዜይን የተባለውን ፕሮቲን የሚሠራ አንድ ጂን በእጥፍ ተባዝቶ ተገኘ። አሻሻዮቹ ከሥሩ መብራት በበራበት ጠረጴዛ ላይ ፍሬ እያገላበጡ በዓይናቸው ሲመርጡት የኖሩት ይህንኑ ነበር። ስለዚህ በኮምፒውተር ፊት የምትውሉ ልጆች፣ እባካችሁ ፍሬውን በእጃችሁ ያዙት። ማሳ ላይ የምትውሉም የሞለኪውሉን ሥራ ለሌላ ሰው ብቻ አትተዉ።

ስለ ዕለት ሥራችሁም ጥቂት ልበል። ኦፔክ-2 ከእናትም ከአባትም ካልተወረሰ አይታይም፤ ከጎረቤት ማሳ በነፋስ የመጣ የአበባ ብናኝ በዚያው ወቅት የፍሬውን ጠባይ ይለውጠዋል። ስለዚህ የሴቴው ጸጉር ከመውጣቱ በፊት ዛላውን በወረቀት ከረጢት ሸፍኑ፤ ነገ እሸፍነዋለሁ አትበሉ። የፍሬው ዋና ክፍል የሆነው እንዶስፐርም ከእናት ሁለት፣ ከአባት አንድ የጂን ቅጂ ይወርሳል፤ ማንን እናት፣ ማንን አባት እንዳደረጋችሁ ካልጻፋችሁ ውጤቱን መተርጎም አትችሉም። የእናቲቱን ስም ሁልጊዜ አስቀድማችሁ ጻፉ። መልኩ ያላማራችሁን ዘር አትጣሉ፤ ስሙንና ምንጩን ጽፋችሁ አስቀምጡት። ኦፔክ-2 የተረፈው እንዲህ ባሉ ሰዎች እጅ ነው።

የሥራ ባልደረባ ስትመርጡም እናንተ የማትችሉትን የሚችል ሰው ፈልጉ። ቫሳል ያለ ቪዬጋስ መለኪያ የመረጠው ጠንካራ ፍሬ ላይሲኑን ይዞ እንደሆነ ማወቅ አይችልም ነበር።

ጥያቄው አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ2022 የቻይና ተመራማሪዎች የበቆሎ የዱር ቅድመ አያት ከሆነው ቴኦሲንቴ የፍሬን ፕሮቲን ከፍ የሚያደርግ ጂን አግኝተው ወደ ዘመናዊ በቆሎ አሻግረዋል። ቴኦሲንቴ ከዘመናዊው በቆሎ በጣም የላቀ ፕሮቲን አለው፤ ሰው ለእርሻ ሲያላምደው የጠፋው ብዙ ነው። እኔ ግን የኢሊኖይን ሙከራ አስታውሼ የምጠይቀው፣ የሚጨምረው የትኛው ፕሮቲን ነው የሚለውን ነው። ይህን ጂን ጠንካራ ፍሬ ካላቸው የኦፔክ-2 ዝርያዎች ጋር አዳቅላችሁ፣ በተለያየ አፈርና በተለያየ የናይትሮጅን መጠን ዘርታችሁ፣ በየትውልዱ የላይሲኑን መጠን ለኩ። ብዙ ወቅት ይወስዳል። እኔ ከሁሉ አብልጬ ማየት የምፈልገው ቁጥር እሱ ነው።