ከድሬ ሐረር በኤሌክትሪክ ብስክሌት፦ ባትሪው ያደርሳል?

ወንድሜ፣ 48 ቮልት 15 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ከድሬ ሐረር ያደርሰኛል ወይ ብለሃል። ሻጩ የነገረህን 80 ኪሎ ሜትር እርሳው፤ እሱ ሜዳ ላይ፣ ቀስ ተብሎ ነው። ባትሪህ የሚይዘው ጉልበት፣ 48 በ15 ሲባዛ፣ 720 ዋት-ሰዓት ነው። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ጣጣው የደንገጎ ዳገት ነው። አንተና ብስክሌቱ 100 ኪሎ ብትሆኑ፣ 800 ሜትር ሽቅብ መውጣት ብቻ፣ ሞተሩ በሙቀት ከሚያባክነው ጋር፣ 300 ዋት-ሰዓት ያህል ይበላል። ፔዳል ሳትመታ በሞተር ብቻ ከሄድክ ከሐረር በፊት ያለችው አወዳይ ሳትደርስ ሊያልቅብህ ይችላል። ካገዝከው ግን ትደርሳለህ። ዳገቱ መሃል ሞተሩን ዳበስ አድርገው፤ ካቃጠለህ አረፍ በል፣ ሻይም ጠጣ።

መመለሱ ይቀላል፣ ከደንገጎ ወደ ድሬ ያለው ቁልቁለት ባትሪ አይፈልግም። የፍሬን ሸራህን ሳታይ ግን እንዳትወርድ፤ ጫት የጫነ አይሱዙ ከኋላህ ሲመጣ ቀልድ የለም።