ጥያቄና መልስ፦ ተኝተው ለታከሙ ሕሙማን ኮድ አሰጣጥ

ባለ መዝገቡ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ዛሬ የምመልሰው አሜሪካ ሆስፒታል ተኝተው ለታከሙ ሰዎች ኮድ ስለ መስጠት፣ ማለትም ሐኪሙ የጻፈውን ለክፍያ ወደ ኮድ ስለ መቀየር ብቻ ነው፤ አይሲዲ 10 ሲኤም (የበሽታ ኮዶች መጽሐፍ) ለበሽታው፣ ፒሲኤስ (የሕክምና ሥራ ኮዶች መጽሐፍ) ለቀዶ ሕክምናው። የተመላላሽ ሕክምና ሕግ ሌላ ስለሆነ አታቀላቅሉብኝ። ኮዶቹን በፊደላችን ስጽፍ «ኤ» የላቲኑ የመጀመሪያ፣ «ኢ» አምስተኛው፣ «አይ» ዘጠነኛው ፊደል ነው። ከኢንዴክስ (በፊደል ተራ ከተደረደረው የሕመም ስሞች ዝርዝር) ያገኛችሁትን ኮድ፣ ታቡላሩን (በኮድ ተራ የተደረደረውን ክፍል) ከፍታችሁ ከሥሩ ያለውን ማስታወሻ ሳታነቡ አትስጡ። ኮዶቹ በየዓመቱ ኦክቶበር 1 ይታደሳሉ፣ ኤፕሪል 1 ላይም ጭማሪ ሊኖር ይችላል። የትኛውን ዓመት እንደምትጠቀሙ የሚወስነው ሕመምተኛው ከሆስፒታል የወጣበት ቀን ነው።

ጀማሪዋ፦ ጋሼ፣ ሕመምተኛው በትኩሳትና በሳል ድንገተኛ ክፍል ገባ። ሐኪሙ በገባበት ቀን «በኒሞኒያ ምክንያት ሴፕሲስ» (በሳንባ ምች የመጣ፣ ሰውነት ለኢንፌክሽን በሚሰጠው ምላሽ ራሱን የሚጎዳበት ሕመም) ብሎ ጽፏል። ክሪያቲኒኑ (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ) ከ1.0 ወደ 2.4 ወጥቶ «በሴፕሲስ የመጣ አኪዩት ኪድኒ ኢንጁሪ» (ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት) ተብሏል። ዋናው ዳያግኖሲስ የቱ ነው?

ባለ መዝገቡ፦ ጥሩ አድርገሽ ነው የጠየቅሽው፤ ጥያቄ እንዲህ ዝርዝሩን ይዞ ሲመጣ ደስ ይለኛል። ዋና ዳያግኖሲስ ማለት ሕመምተኛው ከተመረመረ በኋላ ለመተኛቱ በዋናነት ምክንያት ሆኖ የተገኘው ሕመም ነው። መጀመሪያ የተጻፈው ወይም በጣም የከበደው ማለት አይደለም። ሴፕሲሱም ኒሞኒያውም ሲገባ አብረውት ከነበሩ ሴፕሲሱ ይቀድማል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ኤ41.9 (ሴፕሲስ)፣ ቀጥሎ ጄ18.9 (ኒሞኒያ)፣ ቀጥሎ አር65.20 (ሾክ የሌለበት ከባድ ሴፕሲስ)፣ በመጨረሻ ኤን17.9 (የኩላሊቱ ጉዳት)።

አር65.20 የመጣው ሐኪሙ የኩላሊቱን ጉዳት ከሴፕሲሱ ጋር ስላያያዘ ነው። «ሴፕሲስ» እና «ኪድኒ ኢንጁሪ» ብሎ ለየብቻ ጽፎ፣ ጉዳቱ ከውሃ ማነስም ከመድኃኒትም ሊሆን የሚችል ከሆነ፣ አንቺ አታያይዢውም፤ ኩዌሪ (ለሐኪሙ የሚላክ የጽሑፍ ጥያቄ) ትልኪያለሽ። አር65.20 እና አር65.21 መቼም ዋና ዳያግኖሲስ አይሆኑም። ሾክ (የደም ግፊት በአደገኛ ሁኔታ መውደቅ) ካለበት አር65.21 ነው። ሐኪሙ ተህዋሲያኑን ከጠቀሰ ኤ41.9ን ትተሽ ለይቶ ወደሚናገረው ትሄጃለሽ፤ ለምሳሌ ለኢ. ኮላይ ኤ41.51። የደም ካልቸር (ተህዋሲያን የሚፈለግበት ምርመራ) ኔጌቲቭ መሆኑ ብቻ ሴፕሲስን አይሽርም።

አሁን አንድ ነገር እንቀይር። ሰውየው በኒሞኒያ ገብቶ ሴፕሲሱ በሦስተኛው ቀን ቢመጣ፣ ጄ18.9 ይቀድማል፤ ሴፕሲሱ ሁለተኛ ይሆንና የፒኦኤ ምልክቱ «ኤን» ነው፣ ሲገባ አልነበረም ማለት ነው። ክፍያው በዚህ ይለያያል፦ የመጀመሪያው ወደ ዲአርጂ (የክፍያ ቡድን) 871፣ ሁለተኛው ከ193 እስከ 195 ወዳሉት የኒሞኒያ ቡድኖች ይሄዳል። ኦዲተር መጀመሪያ የሚከፍተው ይህንን ቻርት (የሕክምና መዝገብ) ስለሆነ «ሲገባ ነበር» የሚያሰኝሽን ማስታወሻ ቀንና ሰዓቱን ይዘሽ ተቀመጪ።

የዳላሱ፦ «ኡሮሴፕሲስ» ብሎ ቢጽፍስ? ኤን39.0 (የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን) ልስጥ?

ባለ መዝገቡ፦ አትስጥ። ኡሮሴፕሲስ ኮድ የለውም፣ በነባሪነት የሚሰጥ ምትክም የለውም። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው ወይስ ከዚያ የተነሣ ሴፕሲስ? ሐኪሙን ጠይቅ።

ኦዲተሯ፦ ጋሼ በሴፕሲሱ ላይ ልጨምር። ብዙ ኢንሹራንሶች በ2016 የወጣውን፣ ሴፕሲስ 3 የተባለውን የሴፕሲስ ትርጉም ነው የሚይዙት። የሶፋ ነጥብ (የአካላትን ጉዳት የሚለካው) ቢያንስ በ2 ካልጨመረ ክፍያ ይከለክላሉ። ትኩሳትና የነጭ ደም ሴል መጨመር ብቻ ባለበት ቻርት ላይ ኤ41.9 መስጠት ዲናያል (የክፍያ ክልከላ) መጥራት ነው።

ነርስ ነበርኩ፦ አልስማማም። የኮድ አሰጣጥ መመሪያው ክፍል 1፣ ኤ፣ ቁጥር 19 ላይ በግልጽ አስቀምጦታል፤ ኮድ የሚሰጠው ሐኪሙ በሽታው አለ ብሎ በመጻፉ ነው። ኮደር የሶፋ ነጥብ ደምሮ ዳያግኖሲስ መሰረዝ ከጀመረ ሐኪም ሆኗል ማለት ነው።

ኦዲተሯ፦ ሰርዙ አላልኩም። ገንዘቡ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ ሲወሰድ «ሐኪሙ ጽፎት ነበር» የሚለው መልስ አያድንም እያልኩ ነው።

ነርስ ነበርኩ፦ ታዲያ ኢንሹራንሱ በመረጠው መስፈርት ልንመራ ነው? ሆስፒታሉ የቀደመውን ትርጉም፣ ሴፕሲስ 2ን የሚከተል ከሆነስ?

ባለ መዝገቡ፦ ሁለታችሁም ስለ ተለያየ ሥራ ነው የምታወሩት። ኮድ መስጠት አንድ ሥራ ነው፣ የተጻፈው ዳያግኖሲስ በምልክቶቹ ይደገፋል ወይ ብሎ ማጣራት ሌላ። ሐኪሙ ከጻፈ ኮደር በራሱ ሥልጣን አይሰርዝም። ላክቴቱ፣ ደም ግፊቱ፣ አተነፋፈሱ ምንም የማያሳይ ከሆነ ግን የክፍያ ቢሉ ከመውጣቱ በፊት የማጣሪያ ኩዌሪ ይላካል፤ ሐኪሙ በቃሉ ከጸና በሆስፒታሉ ደንብ መሠረት ወደ ሐኪም አማካሪው ይወጣል። የትኛውን የሴፕሲስ ትርጉም እንደሚከተል ሆስፒታሉ በጽሑፍ ያስቀምጥ። በዚህ ላይ ክርክሩ ይብቃ፣ የሌሎቹ ጥያቄ እየቆየ ነው።

ሲሲኤስ (የኮደር ማረጋገጫ ፈተና) ተፈታኝ፦ «ሊሆን ይችላል»፣ «ይጠረጠራል» የሚሉትን እንደ ተረጋገጠ ነው የምንይዘው?

ባለ መዝገቡ፦ ተኝቶ ለታከመ፣ ሲወጣም ጥርጣሬው እንዳለ ከተጻፈ፣ አዎ። በሁለተኛው ቀን ተጠርጥሮ በአራተኛው ውድቅ የሆነውን አትያዙ። ኤችአይቪ፣ ኮቪድ፣ ዚካና የወፍ ጉንፋን ግን የተረጋገጠ ካልሆነ አይሰጡም። ለማረጋገጫ የሐኪሙ ቃል ይበቃል፣ የላብራቶሪ ወረቀት መፈለግ አያሻም። ለተመላላሽ ይህ ሕግ አይሠራም፤ እዚያ ምልክቱን ነው የምትኮዱት።

የአትላንታው፦ ኤችአይቪን ካነሳህ፣ መድኃኒት እየወሰደች ቫይረሱ በምርመራ የማይታይባት ሴት በእግር ስብራት ብትተኛ ቢ20 (የኤችአይቪ ሕመም) ነው ዜድ21 (ምልክት የሌለው ኤችአይቪ)?

ባለ መዝገቡ፦ የሚወስነው የቫይረሱ መጠን ሳይሆን ታሪኳ ነው። ከኤችአይቪ ጋር የተያያዘ ሕመም ፈጽሞ ይዟት የማያውቅ ከሆነ ዜድ21። ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ እንኳ ይዟት ከነበረ፣ ዛሬ ሙሉ ጤነኛ ብትመስልም ቢ20 ነው፤ ቢ20 የተሰጠው ሰው ወደ ዜድ21 አይመለስም። እዚህ ላይ ብዙ ኮደር ይሳሳታል፤ «አሲምፕቶማቲክ» (ምልክት የሌለው) የሚለውን ቃል አይቶ የቆየውን መዝገብ ሳይከፍት ያልፋል። ቅደም ተከተሉ፦ የተኛችው በስብራት ስለሆነ ስብራቱ ይቀድማል፣ ቢ20 ወይም ዜድ21 ይከተላል። በኤችአይቪ ምክንያት በመጣ ሕመም ብትተኛ ግን ቢ20 አንደኛ፣ ሕመሙ ሁለተኛ ይሆን ነበር። ምርመራው ቁርጥ ያላለ ከሆነ አር75። ይህ ኮድ በሰው ሕይወት ላይ የሚያመጣውን ታውቃላችሁ፤ ከመድኃኒት ዝርዝር ብቻ ተነሥታችሁ አትስጡ። መድኃኒቱን ለመከላከያ የሚወስድም አለ።

ሥራ ፈላጊ፦ ከቤት ሆኖ የሚሠራ ሥራ የት ይገኛል? ስንት ይከፈላል?

ባለ መዝገቡ፦ የዛሬው ርዕስ አይደለም።

የዳላሱ፦ ደም ግፊት፣ አኪዩት ኦን ክሮኒክ ሲስቶሊክ የልብ ድካም (በቆየው ላይ በድንገት የባሰ)፣ ስኳር ዓይነት 2፣ የኩላሊት ሕመም ደረጃ 3ቢ። ሐኪሙ አንዱን ከሌላው አላያያዘም፤ እንዴት ልኮድ?

ባለ መዝገቡ፦ እዚህ ማያያዙን መጽሐፉ ራሱ ያደርግልሃል። ሐኪሙ «ግንኙነት የላቸውም» ብሎ ካልጻፈ በቀር ግፊት ከልብ ድካምና ከኩላሊት ጋር፣ ስኳርም ከኩላሊት ጋር እንደ ተያያዙ ይቆጠራሉ። አይ13.0 (ግፊት ከልብ ድካምና ከኩላሊት ጋር)፣ አይ50.23 (የልብ ድካሙ)፣ ኢ11.22 (ስኳር ከኩላሊት ጋር)፣ ኤን18.32 (የኩላሊቱ ደረጃ)። አይ10ን (ግፊት ብቻውን) እንዳትጨምር። የተኛው በልብ ድካሙ ቢሆንም አይ50.23 አይቀድምም፤ ታቡላሩ ላይ «ቀድመህ ይህን ኮድ» የሚል ማስታወሻ ከሥሩ አለ። ኢንዴክስ ብቻ አይታችሁ አትስጡ የምለው ለዚህ ነው። ኢንሱሊን በቋሚነት ከወሰደ ዜድ79.4።

አዲስ ገቢ፦ ኒሞኒያና ሴፕሲስ ካለ የቱ ይቀድማል?

ባለ መዝገቡ፦ ለጀማሪዋ ሰፊ መልስ ሰጥቻለሁ። ወደ ላይ ወጥተህ አንብብ።

አዲስ ገቢ፦ እሺ፣ ቻርት እንዴት ነው የሚነበበው?

ባለ መዝገቡ፦ የምን ቻርት? የወሊድ? የቀዶ ሕክምና? እንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ የለውም።

ኦዲተሯ፦ እኔ ልመልስለት። ወንድሜ፣ የድንገተኛውን ማስታወሻና የመግቢያውን ምርመራ መጀመሪያ አንብብ፣ ከዚያ የኦፕሬሽን ሪፖርቱን፣ የየዕለቱን ማስታወሻ፣ መጨረሻ ዲስቻርጅ ሰመሪውን (የመውጫ ማጠቃለያውን)። ሰመሪው ከዕለቱ ማስታወሻ ጋር ከተጋጨ ያከመው ሐኪም ይጠየቃል።

ባለ መዝገቡ፦ ልክ ነው። ላብራቶሪውና የመድኃኒት ዝርዝሩ ኩዌሪ የሚያስፈልግበትን ያሳዩሃል እንጂ ኮድ አይሰጡህም። ሶዲየም 128 ስላየህ ብቻ ሃይፖናትሬሚያ (የሶዲየም ማነስ) አትኮድም።

ነርስ ነበርኩ፦ የአልጋ ቁስል ደረጃውን ነርሷ ብቻ ብትጽፈውስ?

ባለ መዝገቡ፦ ቁስሉ መኖሩን ሐኪም ወይም ሕጋዊ አካሚ መጻፍ አለበት፣ ደረጃውን ከነርስ መውሰድ ይቻላል። ከወገብ በታች ጀርባ ላይ ባለው አጥንት (ሳክረም) አካባቢ ያለ ደረጃ 3 ኤል89.153 ነው። በደረጃ 2 ገብቶ ሆስፒታል ውስጥ 3 ከደረሰ ሁለት ኮድ ይሰጣል፦ ሲገባ የነበረውና የደረሰበት ከፍተኛው። ደረጃ 3 እና 4 ሲገባ ካልነበሩ ከ2008 ጀምሮ ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ለዚያ ጭማሪ አይከፍልም፤ ስለዚህ የመግቢያው ቀን የቆዳ ምርመራ ማስታወሻ ወሳኝ ነው።

ሐኪሙ ከአዲስ አበባ፦ አይሲዲ 11 ከመጣ ይህ ሁሉ ይቀራል? እኛ ጋ ያለው መጽሐፍ ላይ የመስቀልና የኮከብ ምልክትም አለበት።

ባለ መዝገቡ፦ ዶክተር፣ አይሲዲ 11 በዓለም ጤና ድርጅት ከጃንዋሪ 1፣ 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፤ አሜሪካ ለሆስፒታል ክፍያ አሁንም የምትጠቀመው 10 ሲኤምን ነው። የመስቀልና የኮከቡ ምልክት የዓለም ጤና ድርጅቱ 10 ላይ ነው ያለው፦ ለቲቢ ማጅራት ገትር ኤ17.0 ከመስቀል ጋር፣ ጂ01 ከኮከብ ጋር። በሲኤም ኤ17.0 ብቻውን ይበቃል። የኛን የቅደም ተከተል ሕግ ለእናንተ ሪፖርት አይጠቀሙበት።

ሲሲኤስ ተፈታኝ፦ የሐሞት ከረጢት ለማውጣት በላፓሮስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ) ጀምረው ከፍተው ቢጨርሱስ?

ባለ መዝገቡ፦ ሁለት ኮድ። በካሜራው ያዩት እንደ ምርመራ፣ 0ኤፍጄ44ዜድዜድ፤ ከፍተው ያወጡት 0ኤፍቲ40ዜድዜድ። በላፓሮስኮፒ ቢጨርሱ 0ኤፍቲ44ዜድዜድ ብቻ ነበር። መጀመሪያው ላይ ያለው ዜሮ ቁጥር ነው፤ ፒሲኤስ ከቁጥር ጋር እንዳይምታቱ «ኦ» እና «አይ» የሚባሉትን ፊደላት አይጠቀምም።

ጀማሪዋ፦ ጋሼ፣ ኩዌሪ ብለህ ብለህ አልጨረስክም፤ እንዴት ነው የሚጻፈው?

ባለ መዝገቡ፦ ለኩላሊቱ ጉዳይ፣ ሐኪሙ ዳያግኖሲሱን ባይጽፈው ኖሮ፣ እንዲህ፦ «ሕመምተኛው ሲገባ ክሪያቲኒን 2.4፣ የቀድሞው 1.0፣ 3 ሊትር ፈሳሽ ተሰጥቷል፣ በ48 ሰዓት 1.3። እነዚህ የሚያመለክቱትን ዳያግኖሲስ ካለ ይግለጹ፦ አኪዩት ኪድኒ ኢንጁሪ፤ አኪዩት ቲዩቡላር ኔክሮሲስ፤ ሌላ፤ መወሰን አይቻልም።» ምልክቱን ከነቀኑ አስቀምጪ፣ ርዕሱ ላይ የበሽታ ስም አታድርጊ፣ ስለ ክፍያና ስለ ዲአርጂ አንድም ቃል አይግባበት።

የዳላሱ፦ «ኪድኒ ኢንጁሪ አለው? አዎ ወይም አይ» ብል አይቀልም?

ባለ መዝገቡ፦ ቻርቱ ላይ ላልተጻፈ አዲስ ዳያግኖሲስ አዎና አይ ብለህ መጠየቅ አይፈቀድም። አስቀድሞ የተጻፈ ሕመም ሲገባ ነበር ወይስ አልነበረም ለማለት ግን ይፈቀዳል።